በሰው ሶፋ ባለጸጋ ከሆነ አባት ለትምህርት ድጋፍ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ሾፌርዎ፣ እንዲሁም የቢሮዎ በር ገርበብ ባለ ጊዜ በሩቁ ለማየት የታደልኩት ያ ተሽከርካሪ ወንበርዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበሩን ከሰው ጋር ደርቤ መጠየቄ ንቀት መስሎ እንዳይታይብኝ፤ ሥራዬ ሶፋና ወንበር መጠገን ስለሆነ የሰውን ደኅንነት ከመቀመጫው ጀምሬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እርስዎን በአካል ለማግኘት በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ከወንበርዎ በቀር ያየሁት የለም። የግራ ጎኑ ስፖንጅ ትንሽ ሰመጥ ብሏል፤ ተቀማጩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ሲሆን እንዲህ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ መጻፌም ድፍረት አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ገና መንገድ ላይ ናቸውና ይህኛው በሌላ በኩል ቢመጣ ምናልባት ይቀድማቸዋል ብዬ ነው። ደግሞስ ምስጋና በጓዳ ምን ይሆናል?

ነገሩ የልጄ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ የእንስሳት ሕክምና እንድትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። በሰፈራችን ዶሮ ስትተክዝ፣ ድመት ስታነክስ፣ የጎረቤት ውሻ መብል እንቢ ሲል የምትጠራው እሷ ናት፤ ሰው የታመመ እንደሆነ ግን ቤተሰቡ ራሱ ይቻለው ተብሎ ይተዋል። ኮሌጁ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ምዝገባ ሳይዘጋ የድጋፍ ውሳኔሽን ይዘሽ ነይ፤ ካልሆነም ቦታሽን ለአንድ ዓመት ብቻ እንጠብቅልሻለን፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል። ሶፋ በመጠገን የኮሌጅ ክፍያ እንደማይከፈል እኔም አውቃለሁ፤ ኮሌጁም ያውቃል፤ የማያውቀው አንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነበር። የእሱም ነገር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ድጋፉን እንድንረዳው ላደረጋችሁት ጥረት ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጆች ሁሉ በተጠራንበት አዳራሽ አንዲት ባለሙያ ብድር የሚመለስ፣ ድጋፍ ግን የማይመለስ እንደሆነ በሚገባ አስረዱን። አጠገቤ የተቀመጠች አትክልት ሻጭ እናት እጇን አውጥታ ታዲያ ይህን የማይመለሰውን የሚያገኘው ማነው ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋም የሚገባው ነው አሏት። የሚገባውስ ማነው ብትል፣ መስፈርቱን ያሟላ ነው ተባለች። መስፈርቱስ ምንድን ነው ብትል፣ ዋናው መስፈርት ለድጋፉ የሚገባ ሆኖ መገኘት ነው አሏት። ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንስታ «በሉ ተረድቻለሁ፤ እኔ አይደለሁም ማለት ነው» ብላ ወጣች። ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ድጋፉን በትክክል የተረዳች እሷ ብቻ እንደነበረች ዛሬ ላይ ሆኜ እመሰክራለሁ።

እኔ ግን ሞኝ ነኝና እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። የገቢዬን ማነስ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀጣሪዬ እንዳመጣ ተነገረኝ። ቀጣሪዬ እኔው ራሴ ነኝ ብዬ ባስረዳ፣ እንግዲያው ራስዎ ለራስዎ ይጻፉ ተባልኩ። ጻፍኩ። ስለ ራሴ ክፉ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት፤ ሠራተኛዬ ታታሪ ቢሆንም የምከፍለው እምብዛም እንዳልሆነ ለራሴ ገለጽኩ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አይታይም ተብዬም ማኅተም አስቀረጽኩ። ማኅተሙን ያዩት የመስኮቱ ሠራተኛ ደስ ብሏቸው ከስሜ ጎን «የድርጅት ባለቤት» ብለው ጻፉልኝ። ሹመት ሳልጠይቅ ተሾምኩ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ቤታችንን እንዲጎበኙ ስለላካችኋቸው ገምጋሚ አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ጠርገው ነው የገቡት።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ ላስረዳዎት። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እንተኛለን፤ ሌላው ሳሎናችንም፣ ማብሰያችንም፣ የእኔ ሥራ ቤትም ነው። ሱቅ የመከራየት አቅም ስለሌለኝ የደንበኞቼ ሶፋ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ ገሚሱ ተደራርቦ፣ ገሚሱ እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ። እኛ በመካከሉ በጎን እየተሾለክን እንኖራለን። የራሳችን የምንለው መቀመጫ ጥቂት በርጩማዎችና እግሩ በሽቦ የታሰረ አንድ ወንበር ነው። ሶፋ ጠጋኝ የራሱን ወንበር የሚጠግንበት ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ቢያገኝ ደግሞ የሚከፍለው የለም።

ገምጋሚው ሲገቡ በርጩማ ልስብላቸው ስል ባለቤቴ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። በእሷ ቤት እንግዳ፣ ያውም የመንግሥት እንግዳ፣ በርጩማ ላይ አይቀመጥም። «ድሃ ብንሆን ክብርም የለንም ማለት ነው?» ብላ አንሾካሾከችብኝና ከደንበኛዬ ከሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ሶፋ ላይ መሸፈኛውን ገፈፈችው። ይህ ሶፋ እውነተኛ ቆዳ ነው፤ መደገፊያው እስከ ጭንቅላት ይደርሳል፤ የውስጥ ሽቦ ሞላው ሰውን እንደ እናት ጉልበት ይቀበላል። ገምጋሚው ተቀመጡ፤ ቀስ ብለውም ሰመጡ፤ ለጥቂት ጊዜ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ የረሱ መሰለኝ። ባለቤቴ በዚህ አልበቃት ብሎ ከአስተማሪዋ ጎረቤታችን በተዋሰችው ብርጭቆ ሻይ አቀረበች፤ ከልብስ ሰፊው ቤት የተዋሰችውንም ትንሽ ምንጣፍ ከእግራቸው ሥር ዘረጋች። ድህነታችንን ሊያዩ የመጡትን ሰው ድህነታችን እንዳይታያቸው አድርገን አስተናገድናቸው። የእኛ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጉድለት ይሸፈናል። ጉድለቱን ሊቆጥር የሚመጣ እንግዳ ይኖራል ብሎ ያስተማረን አልነበረም።

ሶፋዎቹ የእኔ እንዳልሆኑ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ገምጋሚውም በትሕትና ሁሉም እንዲህ እንደሚል፣ በመመሪያው መሠረት ግን በቤት ውስጥ የተገኘ ዕቃ የቤቱ ዕቃ እንደሆነ አስረዱኝ። እርስዎም አሁን ቤቴ ውስጥ ነዎትና የእኔ ነዎት ማለት ነው ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ከጫፍ ደርሼ ነበር፤ የልጄን ነገር አስቤ ዋጥኩት።

ውሳኔው ሲመጣ «የቤት ዕቃ ይዞታ፦ እጅግ ከፍተኛ» ይላል። ከታች በእጅ ጽሑፍ፣ በአካባቢው ከተጎበኙት ቤቶች ሁሉ በሶፋ ብዛት አንደኛ መሆኔ ተጨምሮበታል። በዕድሜዬ አንደኛ የወጣሁበት ነገር ይኸው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በእናንተ መመሪያ ግን እንደሚያደምቅ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ አቤት የማለት መብቴን ስላከበራችሁልኝ አመሰግናለሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ «አባት፣ አይጨነቁ፤ የሶፋው ባለቤት የእኔ ነው ብሎ ቢፈርም ጉዳዩ ይስተካከላል» ብለው አጽናኑኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ወደ ነጋዴው ቤት ሄድኩ። ሶፋውን ከዚያ ቤት ራሴ ነኝ ተሸክሜ ያወጣሁት፤ በዚያን ጊዜ ሳሎኑ ሙሉ ነበር፤ ለመውጫ ቦታ አጥተን ከቁም ሣጥኑ ጋር ስንታገል ነበር። አሁን ብገባ ቤተሰቡ በሙሉ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተደርድሯል። ቴሌቪዥኑ ከነበረበት ግድግዳ ላይ የቀረው ምስማር ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት ጉልበቷ ከአገጯ ሊገናኝ ምንም ሳይቀረው፣ ያቺን የምታህል ሴት፣ በቆርቆሮዋ ላይ እየተንገዳገደች «ኖር» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው የከሰረ መስሎኝ ደነገጥሁ።

የመጣሁበትን ስነግረው ነጋዴው በሩን ዘጋ። «ወንድሜ፣ በእናትህ ድምፅህን ቀንስ። የእኔ ነው ብዬ ከፈረምኩ ልጄ ድጋፉን ያጣል» አለኝ። ልጅህ ድጋፍ አገኘ እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ እጁን ወደ ባዶው ሳሎን ዘርግቶ «ምን ያድርግ ታዲያ፣ ቤታችን እንደምታየው ነው» አለ። ድንገተኛ ጉብኝት ሊኖር ይችላል ስለተባለ እስከዚያ በቆርቆሮው ለመቆየት ቆርጠዋል። ወገቡ እንደታመመም አጫወተኝ፤ እንደ ባለሙያ ከበታቹ ስፖንጅ ቢያደርግ እንደሚሻለው መከርኩት። ስፖንጅ ከታየ ሀብት ነው ብሎ እምቢ አለ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በየዓመቱ የድጋፍ ማመልከቻ በሚከፈትበት ወር ሥራ ይበዛልኛል። የጥርስ ሐኪሙ ይመጣል፤ ባለ ሆቴሉ ይመጣል፤ የጭነት መኪናዎቹ ባለቤት ወይዘሮ ትመጣለች። ስፌቱ ያልተፈታ፣ ሞላው ያልላላ ሶፋ ያመጡና «አይቸኩልም፣ ቀስ ብለህ ሥራው» ይሉኛል። ደንበኛ ሳይጨቀጭቀኝ የምሠራበት ወር እሱ ብቻ ስለሆነ ወቅቱን የበረከት እያልኩ ሳመሰግን ኖሬያለሁ። ለካ የአገሩ ሀብታም ሁሉ ድሃ የሚሆነው በእኔ ቤት በኩል ነው። ቴሌቪዥን የሚጠግነውን ወዳጄን ብጠይቀው በዚያው ወር የእሱም ቤት መግቢያ እንደሌለው ነገረኝ። የእሱም ልጅ አመልክቶ ነበር፤ «አባቱ የግል ሲኒማ ቤት አለው» ተብሎ ወድቋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ነጋዴው ግን ጨርሶ አልጨከነብኝም፤ «አንተ አትድከም፣ እኔው ሄጄ አስረዳልሃለሁ» ብሎ ቃሉን ጠበቀ። ጽሕፈት ቤታችሁ ቀርቦም የተባለው ሶፋ በእሱ ቤት እንደሌለ፣ በሶፋ ጠጋኙ ቤት እንደሚገኝ ግን በዐይኑ እንዳየ መሰከረ። ከቃሉ ውስጥ አንዲት ውሸት የለችም። አቤቱታዬም በዚያው ተዘጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኛ ሁለታችንም፣ እኔና ወረቀታችሁ፣ የያዝነውን ይዘን ቀረን።

አራተኛውን ምስጋና ባለቤቴ አንብባው ከደብዳቤው አስወጥታዋለች። ስለ መስኮቱ ሠራተኛ የምሳ ሰዓት ርዝመት የሚናገር ነበር። ሴትየዋ የሰው ልጅ ናት፣ ትብላ ብላ ተቆጣችኝ።

አምስተኛ፣ ድጋሚ ጉብኝት ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። በዚህኛው ጊዜ ብልጥ ለመሆን ሞከርኩ። ሶፋዎቹን ለየባለቤቶቻቸው ልመልስ ተነሣሁ፤ ጋሪ ተከራይቼ ከበር በር ዞርኩ፤ አንድም የከፈተልኝ የለም። የጥርስ ሐኪሙ በመስኮት ብቅ ብለው ቤት እንደተሳሳትኩ ነገሩኝ፤ ጥርሴን የነቀሉልኝ ሰው ናቸው፤ መልካቸውን ልረሳ አልችልም። የቀረኝ አንድ መላ ሶፋዎቹን ከቤት አውጥቼ ግቢ ውስጥ መደርደር ነበር። ቤት ውስጥ የተገኘ የቤቱ ነው ካላችሁ ደጅ ያለው የደጁ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገር ግን ባዶ ሶፋ አይቶ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ አስተማሪዋ ጎረቤታችን ደብተር ልታርም ተቀመጠች። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ቁልፍ ሊተክል መጣ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ጎረፈ። በውሃ ቦይ ተጣልተው ለዘመናት ሲኮራረፉ የኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች ቦታ ከማጣት የተነሣ አንድ ሶፋ ላይ ተገናኝተው ታረቁ። ሁለተኛዋ ገምጋሚ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ሰው ግጥም ብሎ ቢያዩ መግቢያው በስንት ነው ብለው ጠየቁ። ሰፈራችን «ወሬ አያመልጠው» የሚለው አንድ ቀልደኛ አለ፤ ይህ ሰው ብድግ ብሎ «ለእርስዎማ በነፃ ነው፣ እመቤቴ፤ ይቀመጡ» አላቸው። እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ጽፈው ጨርሰዋል። በሁለተኛው ውሳኔ መሠረት እኔ የመዝናኛ ማዕከል ባለቤት ነኝ፤ ለመንግሥት ሠራተኞችም ነፃ አገልግሎት እሰጣለሁ። ከሶፋ ጠጋኝነት ወደ ድርጅት ባለቤትነት፣ ከዚያም ወደ መዝናኛ ማዕከል፤ በእናንተ በር ስመላለስ ያደግሁትን ያህል በመርፌና በመዶሻ ዕድሜ ልኬን አላደግሁም።

ስድስተኛ፣ ስለ ግብዣው። ማመልከቻዬ በወደቀ ማግስት ጽሕፈት ቤትዎ «አቅም ላላቸው ወገኖች» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። የአንድ ችግረኛ ተማሪ የመጻሕፍት ወጪ እንድሸፍን በአክብሮት ተጠይቄያለሁ። ፖስታው ያማረ ነበር፤ ባለቤቴ እንዳይጨማደድ ብላ ከሶፋ ሥር አስቀመጠችው። እኔም በደስታ እሸፍናለሁ፣ ተማሪዋንም ደኅና አድርጌ አውቃታለሁ፣ ቤቴ ነው ያለችው ብዬ መለስኩ። ለጋሽ ዘመዱን መርዳት እንደማይችል፣ ይህም አሠራሩ ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን እንደሆነ ተገለጸልኝ። ችግሩ የከበደ ተማሪ እናንተው መርጣችሁ መደባችሁልኝ። የተመደበልኝ የነጋዴው ልጅ ነው። ቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ማጥናቱ የኮሚቴውን ልብ ነክቷል ይላል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን እየሳቅሁ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን እየሳቅሁ መጻፍ አልቻልኩም።

የኮሌጁ ምዝገባ ተዘግቷል። በተዘጋበት ቀን ልጄ የጎረቤት ዶሮ እግር በጨርቅ ስታስር ዋለች። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ልጄ በሶፋ መካከል ነው ያደገችው፤ ነገር ግን የሰው ዕቃ ነው፣ ከተበላሸ መክፈያ የለንም እያልኩ ስለማስፈራራ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣባቸው አታውቅም። ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው ፈተና ያጠናችው መሬት ላይ፣ በሁለት ሶፋዎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ፣ ጀርባዋን ከእንጨቱ አስደግፋ ነው። የእርስዎ ገምጋሚ ያለ ሐሳብ የሰመጡበትን ሶፋ ልጄ በእጇ አቧራውን ትጠርገዋለች እንጂ ምቾቱን አታውቀውም። በዚያን ቀን መሸፈኛውን ገፍፌ ቁጭ በይ አልኳት። እምቢ አለች። ቁጭ በይ ልጄ፣ የእኛ ነው ብለዋል፣ በማኅተም ነው ያሉት አልኳት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ እንግዳ። «አባዬ፣ ቆዳው ይጨማደዳል እኮ፤ ልነሣ?» አለችኝ።

ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ሁለት ጊዜ ሰው ልካችሁ በቤቴ ያለውን ሁሉ ስታዩ ያላያችሁት ይህን ብቻ ስለሆነ፣ መዝገባችሁ ሙሉ ይሁን ብዬ ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብና ላብቃ። ውሳኔያችሁ እንዲሻር አልጠይቅም፤ ሁለት ጊዜ የተወሰነን ነገር መሻር ለጽሕፈት ቤቱ ክብር አይሆንም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በቤቴ የተገኙት ሶፋዎች በሙሉ የእኔ መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ በማኅተም ይሰጠኝ። የሌለኝን ሀብት እናንተ ናችሁ ያገኛችሁልኝ፤ መሸጫ ወረቀቱን መከልከል አይገባም። ወረቀቱን በያዝኩ ማግስት የነጋዴውን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የባለ ሆቴሉንና የወይዘሮዋን ሶፋ ገበያ አውጥቼ እሸጥና የልጄን የኮሌጅ ክፍያ እከፍላለሁ። ከመንግሥት ምንም አልጠይቅም። ደንበኞቼም «የማይመለስ ድጋፍ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ያለ ገለጻ ይረዱታል።

ሥልጣንዎ ይሰንብት፤ ስብሰባዎችዎ አይጓደሉ፤ ወንበርዎ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዙርልዎ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉ ምቀኞችን አይስሟቸው፤ እርስዎ እንደማይቆጭዎ እኔ በልበ ሙሉነት እመሰክራለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ የድርጅት ባለቤት፣
የመዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅና የችግረኞች ለጋሽ፣
በራሱ ቤት ግን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይህን የጻፈልዎ፣
ታዛዥዎና አክባሪዎ ሶፋ ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ለጋዜጣው ልልክ ስል ሾፌርዎ በጭነት መኪና አንድ ሙሉ ሶፋ ከእነ ጠረጴዛው ይዞልኝ መጣ። አይቸኩልም፣ ቀስ ተብሎ ይሠራ እንዳሉ ነገረኝ። እንደ ትእዛዝዎ አገላብጬ መረመርኩት፤ ስፌቱ ሙሉ ነው፣ ሞላው ጠንካራ ነው፣ የሚጠገን ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁበት። ሾፌርዎ ልጅዎ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደሚጨርስና ኮሌጅ እንደሚገባም አጫወተኝ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ሶፋውን ያስቀመጥኩት ልጄ ታጠናበት በነበረው ክፍተት ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። እሷም መሬቱ ስለተያዘባት ለሚመጣው ዓመት የድጋፍ ማመልከቻዋን እየሞላች ያለችው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው። «በቤቱ ውስጥ የሚገኝ ሶፋና የባለቤቱ ስም» የሚለው መስመር ላይ ደርሳ ብዕሯን ይዛ እየጠበቀችን ነው። ክቡርነትዎ የማንን ስም እንድትጽፍ ይመክሯታል?